ዓይኑ ለማጌት፣ ድምፁ ለኩምባ

«እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ማጌት ክፍል ይሆናል፤ ድምፁ ደግሞ ኩምባ ክፍል» ብሎ ማንሱር ሲፈርድ የቁርስ ዳቦው ገና ከጉሮሮው አልወረደም ነበር። ሁለት ሚስት ያለው ሰው እኛ ሰፈር፣ ፒኪን ውስጥ ብርቅ አይደለም። አንድን ቴሌቪዥን ዓይኑንና ድምፁን ለይቶ ለሁለት ሚስት ያካፈለ ሰው ግን ከሱ በፊት አልሰማንም። ካርቶኖቹ ሁለት ናቸው፤ በአንዱ ሰፊና ስስ ቴሌቪዥን፣ በሌላው ረጅም ጥቁር ስፒከር። የጎማ ንግዱ ስለቀናው፣ የአፍሪካ ዋንጫም ፍጻሜው ስለደረሰ፣ ሁለቱን አንድ ላይ በቅናሽ ገዝቶ ገባ። ማንሱር ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ለኩምባ በቀለላት፤ ክፉ ሰው ይሰደባል፣ ይረገማል፣ ሲበዛም ጥለውት ይሄዳሉ። የማንሱር ጣጣው ፍትሕ መውደዱ ነው። ጨርቅ ሲገዛ ሁለቱንም አቁሞ በክንዱ ይለካል። ሐብሐብ ሲያመጣ ግማሽ ግማሹን በሁለት እጁ እየመዘነ ያድላል። ወደ አንዷ ሚስቱ ያጋደለ ባል በትንሣኤ ቀን አንድ ጎኑ ወድቆ ይነሣል ብለው ኢማሙ አንድ አርብ ካስተማሩ ወዲህ ደግሞ፣ መስታወት ፊት በቆመ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው ትከሻውን ነው።

ኩምባ የሻይ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች ነበር። «የሞዱ አባት፣ ዓይን ካፍ ተለይቶ የሚኖርበት ቤት የት አይተሃል?» አለችው፣ በልጃቸው ስም ጠርታ።

«የዲሹ ገመድ በማጌት ክፍል በኩል ነው የወረደው። ምን ላድርግ ታዲያ፣ ጣሪያውን ላዙረው?»

ሁለተኛዋ ሚስት ማጌት የሻይ ብርጭቆዋን አቀበለቻት። ብልህ ናት፤ ፍርዱ ለሷ ሲሆን አትናገርም። የነጠላ ጫማዋን ጫፍ እያየች ዝም አለች፤ ያ ዝምታዋ ነው ኩምባን ከሳቅ በላይ የሚያሳርራት። አሁን «የማጌት ክፍል» የሚባለው ቦታ እኮ ከሁለት ዓመት በፊት ሳሎን ነበር። ኩምባ ከወላጆቿ ቤት ይዛው የመጣችው ባለ አረንጓዴ ቀለም ሶፋ አሁንም እዚያው ነው፤ አንዲት ወጣት ሴት ከሰዓት በኋላ እግሯን ሰቅላ ትተኛበታለች። ማንም ሰው «የማጌት ክፍል» ባለ ቁጥር በኩምባ ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር ይገላበጣል። እሷ ቅናት አትለውም፤ ጨጓራ ነው የምትለው። ቅናት ነው።

በዚያ ላይ ቀኑ ተራዋ ነበር። በዚህ ቤት ሁለት ቀን የአንዷ ነው፣ ሁለት ቀን የሌላዋ። ባለተራዋ ለቤቱ ሁሉ ታበስላለች፤ ባልየው የሚበላውም፣ የሚያርፈውም፣ ሻዩን የሚጠጣውም እሷ ክፍል ነው። በሌላዋ ደጃፍ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል እንጂ አይቀመጥም። ተራ የሰረቀች ሴት በሰፈሩ አፍ ከሌባ ተለይታ አትታይም፤ ተራ ያሰረቀ ባልም እንደዚያው። የፍጻሜው ጨዋታ ደግሞ የዚያኑ ቀን ነው፣ ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት እንዳለቀ። ኳሱ ማጌት ክፍል፣ ተራው የኩምባ። ኩምባ ይህ የገባት ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ፣ ብርጭቆ ስታጥብ ነው። እጇ ውኃው ውስጥ ቀረ። ዛሬ በገዛ ተራዋ፣ በገዛ ሶፋዋ ላይ፣ ባሏ ከጣውንቷ ጎን ተቀምጦ ሊያጨበጭብ ነው። ይኼ እንዳይሆን ማድረግ አለባት፤ እንዴት እንደሆነ ግን ገና አላወቀችም።

ዕቃ ገጣጣሚው ቲጃን ከኮሎባን ገበያ በሞተር መጣ። አፉ ከእጁ የሚፈጥን ወጣት ነው። ኩምባ የንጃይ ቤተሰብ ልጅ መሆኗን ሲሰማ እሱ ዲዮፕ ስለሆነ ፊቱ በራ፤ ዲዮፕና ንጃይ ከቅድመ አያት ጀምሮ የመዘላለፍ ፈቃድ አላቸው።

«አሃ! ንጃይ ነሽ አክስቴ? ታዲያ ሩዙን ማን ይጠብቀዋል? ንጃይ ያለበት ቤት ድስት ታጥቦ አያውቅም፣ ተልሶ ነው የሚያድር!»

«አንተ ሌባ ዲዮፕ! ስትወጣ ኪስህን አገላብጬ ነው የማይህ። ማንኪያ ቢጎድለኝ ሞተርህን አስቀርልሃለሁ።»

«ከማንኪያሽ ላይ ምን ተርፎ ነው ምሰርቀው!»

ተሳሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየላትም። ቲጃን ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ አዳመጠና መሰርሰሪያውን ልክ ከአልጋዋ ራስጌ በላይ ደቀነው። ለተራዋ ብላ ማለዳ የዘረጋችው ነጭ አንሶላ ላይ የሲሚንቶ ዱቄት ወረደ። ቀዳዳው ሲበሳ ከወዲያ በኩል የማጌት ክፍል ብርሃን እንደ ሳንቲም ሆኖ ገባ። በዚያ ቀዳዳ ገመድ አሻገረ፤ አንዱ ጫፍ በወዲያ ከቴሌቪዥኑ፣ ሌላው ጫፍ በወዲህ ከስፒከሩ። ስፒከሩን የልብስ ቁምሳጥኗ አናት ላይ አጋደመው። ኩምባ አንሶላዋን አራግፋ ሽታውን አሸተተች። ባሏ ዛሬ የሚተኛው የማጌት ግድግዳ ዱቄት ላይ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ሁሉም ማጌት ክፍል ገቡ፤ ኩምባ ግን አልገባችም፣ በሩ ላይ ቆመች። እዚያ ክፍል ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ቴሌቪዥኑ በርቶ ጥያቄውን በፈረንሳይኛ ደረደረ፤ ቲጃን እያነበበ ይተረጉማል። «‹የተያያዙትን ዕቃዎች ቴሌቪዥኑ ይዘዝ ወይ?› ይላል። ይዘዝ?»

«ይዘዝ» አለ ማንሱር፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።

ቲጃን ሪሞቱን ተጫነ። «አለቀ። ከአሁን ወዲያ ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩ፣ ስፒከሩ አንድ ቤተሰብ ናቸው። አንዱ ሲነቃ ሁሉም ይነቃል፤ አንዱ ሲተኛ ሁሉም ይተኛል።»

«ቤት ማለት እኮ እንዲህ ነው!» ብሎ ማንሱር በሁለቱ ሚስቶቹ መሐል አየ። ኩምባ በልቧ፣ እዚህ ቤት አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ጣሪያ ስታይ ነው የምታነጋው፣ አለች። ቲጃን ቀጥሎ ድምፁንም በዚያው በትልቁ ሪሞት መጨመርና መቀነስ እንደሚቻል፣ ሌላ ሪሞት እንደማያስፈልግ ሊያሳይ ሲል ማንሱር እጁን አነሣ። ትልቁ ሪሞት የማጌት ነው፤ ድምፁም በሱ የሚታዘዝ ከሆነ ታዲያ የኩምባ ድርሻ ምንድን ነው? ቁምሳጥን ላይ የተኛ እንጨት? አይሆንም። ድምፁ በስፒከሯ ሪሞት ብቻ ይታዘዝ፤ ሪሞቷም ኩምባ እጅ ትግባ። ቲጃን እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰምቶ እንደማያውቅ ተናግሮ፣ አንገቱን እየነቀነቀ እንደተባለው አደረገ። ሲወጣ ሚጢጢዋን ሪሞት ለኩምባ እያቀበለ «በይ ንጃይ፣ እንዳትበያት» አላት። ማንሱርም ፍርዱ በልክ መውጣቱን አይቶ ረክቶ ወደ ጎማዎቹ ሄደ።

ኩምባ የገበያ ገንዘቧን በመቀነቷ ቋጥራ ወጣች። በአዘቦት ቀን ተራ ዓሣ ነው የምትገዛው፤ ዛሬ ግን የዓሣ ምርጥ የሚባለውን ቾፍ ትፈልጋለች፣ እሱም ትልቅ ራስ ያለው። ሻጯ አምስት ሺህ ፍራንክ አለቻት። ኩምባ ዓሣው ሳይሆን ዋጋው ነው የገማው አለቻት። ሻጯ፣ አንቺ ባልሽ በልቶ የሚጠግብ ይመስልሻል አለቻት። ተዘላልፈው፣ ተሳስቀው፣ በአራት ሺህ ተስማሙ። ካሳቫ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ቲማቲም ገዝታ ስትመለስ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊዋ ዳባ ግቢዋ በር ላይ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ዳባ ባሏን ከፈታች ቆየት ብላለች፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚታወቅ ሴት ናት። ሳቋ ከታች በወፍራሙ ይጀምርና ጫፉ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል።

«ኩምባ! አዲስ ቴሌቪዥን ገባ አሉ። ደግሞ ዓይኑ ለብቻ፣ ድምፁ ለብቻ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«ወሬ ምን እግር አለው በይ!»

«እኔ ይቺ ወገበ ሰፊ አሮጌ ቴሌቪዥኔ አለችኝ። ምስሏ ትንሽ አረንጓዴ ነው፤ ግን ዓይኗም ድምፅዋም አንድ ላይ ናቸው። ከተቸገራችሁ ኑ፣ ወንበር አላጣም!» ብላ ሳቀች።

ኩምባ ፈገግ ብላ አለፈች። ከዚያ ትዝ አላትና ዞረች። «የማንሱርን ሰፊ ቀሚስ፣ ቡቡውን፣ ጠርዙን ጨረስሽለት?»

«ትናንት ራሱ መጥቶ ወሰደው እኮ። ለክተነው፣ ሻይ ጠጥቶ ነው የሄደው።»

ኩምባ እሺ አለች። ሐሳቧ አረንጓዴው ሶፋ ላይ ስለነበር የሰማችውን ነገር ገበያ እንደሰማችው ዋጋ አሳለፈችው። ዳባን ደግሞ ማን ይቆጥራታል?

ዓሣውን ሰነጠቀች፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ጠቀጠቀችበት፣ ጠበሰችው፣ ሩዙን በዓሣው መረቅ ላይ ጣለችው። ሩዙ ሲንተከተክ እጇን ልትታጠብ ክፍሏ ገባች፤ በሩን ስትከፍተው ሴት እያለቀሰች ጠበቀቻት። ክው አለች። አልጋው ባዶ ነው፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ለቅሶው ከቁምሳጥኑ አናት ነው የሚመጣው፤ ማጌት ድራማዋን ከፍታለች። ኩምባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በገዛ ክፍሏ፣ በተራዋ ቀን፣ ጣውንቷ የመረጠቻት ሴት በጣውንቷ ፈቃድ ታለቅሳለች። በጭንቅላቷ ውስጥ ማጌት ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ ባለ ቀለም ምስሉ ፊቷ ላይ ሲጫወት ታያት። ቀናች። እውነቱን እንናገር፣ ክፉኛ ቀናች። እሷ የምትሰማውን ነገር ያቺ ታየዋለች፤ የምታለቅሰዋ ሴት ቀሚስ ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ ኩምባ አታውቅም።

ድምፁን ቀነሰችው። ወዲያው በቀዳዳው በኩል የማጌት ድምፅ መጣ። «እትዬ ኩምባ! እባክሽ ጨምሪልኝ!»

ጨመረችላት። በድራማው ውስጥ አንዲት አሮጊት «እውነቱን ልንገርህ፤ የልጁ አባት አንተ አይደለህም፤ የልጁ አባት...» ስትል ኩምባ ጣቷን ጫነችና ጸጥ አደረገችው።

«ኧረ እትዬ! ኧረ በናትሽ!»

«ምን ሆነሽ ነው? ሩዜን እያየሁ እኮ ነው» አለች ኩምባ፤ ሩዙ ግን ጓሮ ነው። ደስታ ደረቷን ሞላው። ጠዋት ከተነሣች የመጀመሪያው ደስታዋ ነበር። እንደገና ልትጨምርላት ሪሞቷን ስታገላብጥ ጣቷ ቀዩን ቁልፍ ነካው። የስፒከሩ መብራት ድርግም አለ፤ ከወዲያም ማጌት «ውይ፣ ጭልም አለ!» ስትል ሰማች። በቀዳዳው ይመጣ የነበረው ሰማያዊ ብርሃንም የለም። ኩምባ ሪሞቷን አተኩራ አየቻት። ቀዩን ዳግም ተጫነች። ስፒከሩ በራ፤ ከወዲያም ቴሌቪዥኑ የሚነቃበት ዜማ ተሰማ። አንዱ ሲተኛ ሁሉም ይተኛል ያለው ቲጃን ይህን ማለቱ ኖሯል! ሌባ ዲዮፕ ብላ ሰድባዋለች፤ አሁን ግን በሆዷ መረቀችው። ሪሞቷን መቀነቷ ውስጥ ከገበያው ገንዘብ ጋር ቋጠረቻት።

ምሳ በትልቁ ትሪ ቀርቦ ሁሉም በላ። ማጌት የድስቱን ቂጥ ያረረውን ሩዝ እንደምትወድ ኩምባ ታውቃለች፤ ደግሞም ሰው እንዳያማት ብላ ፊቷ አድርጋላታለች። «ዛሬ ሩዙ ግሩም ነው እትዬ» አለች ማጌት። ኩምባ «አላህ ይስጥልኝ» አለች። ከዚህ በላይ አልተነጋገሩም። ማንሱር ከሱቁ አርፍዶ ስለሚገባ የቾፉን ራስና ወፍራሙን ጎን ከነአትክልቱ በሸክላ ሳህን ለየችለት፣ ከድናም አልጋዋ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ታጠበች። አንሶላውን ዳግም ለወጠች። ጠንካራ ስታርች የጠጣውን ሰማያዊ ቡቡዋን ለበሰች፤ ስትራመድ ይንኳኳል።

ማንሱር የአስር ሶላት እንዳለቀ መጣ፤ አዲሱን ቡቡውን ለብሷል። ጎን ለጎን ካሉት ከሁለቱ ክፍሎች በሮች ፊት ባለችው ጠባብ ኮሪደር ላይ ቆመ። በግራ የኩምባ በር፣ በቀኝ የማጌት በር። በግራ የዓሣ ሽታ፣ በቀኝ አረንጓዴ ሜዳ።

«ምሳህን ለይቼልሃለሁ። ግባ» አለች ኩምባ።

«እገባለሁ። ኳሱ ሲያልቅ እገባለሁ።»

«የት ሆነህ ልታይ ነው?»

ማንሱር አንገቱን አከከ። «ተራሽ መሆኑን አውቃለሁ ኩምባ። አላህም ያውቃል። ግን ኳስ እኮ ተራ አያውቅም።»

«እሺ። ጆሮህን እዚህ ተውና ዓይንህን ይዘህ ግባ።»

ይህን በምሬት ነው ያለችው፤ ማንሱር ግን እንደ ምክር ሰማው። ፊቱ በራ። ወንበር ስቦ ኮሪደሩ መሐል፣ ከሁለቱም በር እኩል አድርጎ አስቀመጠና ተቀመጠ። እንግዲህ ማንም ክፍል አልገባም። የሁለቱም በር መጋረጃ ወደ ጎን ይሰብሰብ አለ፤ ተሰበሰበ። ድምፁ ከግራ፣ ምስሉ ከቀኝ። በፍርዱ ተደስቶ እግሩን ዘረጋ። ጨዋታው ተጀመረ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጭጭ አለ።

ኩምባ አልጋዋ ላይ ሆና የምታየው የባሏን ማጅራት ብቻ ነው። ጆሮው ወደሷ ነው፤ ፊቱ፣ ዓይኑ፣ ጉልበቱ፣ ደረቱ ግን ወደ ወዲያ። ጨዋታው እየጋለ ሲመጣ ወንበሩ ራሱ ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ የቀኝ ትከሻውም ዝቅ እያለ ይሄዳል። ኢማሙ ያሉት ሰው ይኸው፣ አንድ ጎኑ ወድቆ! እሱ ግን አላስተዋለም። ማጌት ደግሞ ስሱን ብጫ ሽርጧን አሸርጣ በቴሌቪዥኑና በሱ መሐል አንዴ ውኃ ታመጣለች፣ አንዴ መስኮት ትዘጋለች፣ አንዴ ምንም ሳታደርግ ታልፋለች። ባለፈች ቁጥር የማንሱር አንገት ትንሽ ይከተላታል ወይስ ኳሱን ነው የተከተለው? ኩምባ ይህን መለየት አልቻለችም፤ አለመቻሏ አንጀቷን አሳረራት። ጆሮ ምን ያደርጋል? ሰው በጆሮው ማንን ወዶ ያውቃል?

ቀዩን ተጫነች።

«ምን ሆነ!» ብሎ ማንሱር ብድግ አለ። ማጌት ትልቁን ሪሞት አንስታ አበራችው። ኩምባ ትንሽ ታገሠችና፣ ኳሱ ወደ ግቡ ሲቀርብ ዳግም አጠፋችው። ማንሱር ለቲጃን ደወለ፤ ቲጃን በስልክ ውስጥ ገመዱን ነካ ነካ አድርጉት ብሎ ጮኸ፤ እሱም ኳስ እያየ ነው። ማጌት ገመዱን ነካካች። ምስሉ ተመለሰ። በዚህ መሐል የስፒከሩ ተናጋሪ ድምፁ ተለወጠ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ነው አለ፣ ለኛ ነው አለ። ማንሱር ከወንበሩ ተነሥቶ አንድ እግሩን ማጌት ክፍል ውስጥ አስገባ። አንድ እግሩን! በተራዋ! ኩምባ ዓይኗን ጨፍና ቀዩን ተጫነች።

ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ብሎ፣ ቤቱ ውስጥ ምስልም ድምፅም ጠፍቶ፣ ማንሱር ያንኑ አንድ እግሩን እንዳስገባ ቆሞ ቀረ። ከዚያ እግሩን መለሰ። ማንንም አልተቆጣም። «ለሁለት ስንፈርድ ኳሱ አለቀ» አለ፤ ጫማውን አጠለቀ፤ ወንበሩን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ወጣ። የግቢው በር ተዘጋ። ወዲያውም ከሰፈሩ ጉሮሮ ሁሉ አንድ ጩኸት ወጣ፤ ከሁሉም የቀረበው ግን ከፊት ለፊት፣ ከዳባ ግቢ ነበር።

በኋላ በገመዱ ቀዳዳ በኩል የማጌት ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ። «እትዬ።»

«አቤት።»

«ቁልፉ ቀጭ ሲል በቀዳዳው ይሰማኛል እኮ።»

የኩምባ ጆሮ ጋለ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድራማው ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«ብነግረው ሪሞቷን ካንቺ ነጥቆ ለኔ ይሰጠኛል። ከዚያ አንቺን ለመካስ ቴሌቪዥኑን ወደ አንቺ ያዞረዋል። አታውቂውም?»

ኩምባ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ከወዲያም ትንሽ ሳቅ ተመለሰ፤ ወዲያው ግን ሁለቱም ሳቃቸውን ዋጡት፣ መዋደድ እንዳይመስልባቸው። ኩምባ ቀዩን ተጫነች። ሁሉም ነቃ። ተናጋሪው ገና ስለ ግቡ እየጮኸ ነው። «ነይ እዪው፣ እየደገሙት ነው» አለች ማጌት። ኩምባ ትንሽ አመነታች። ከዚያ የተከደነውን ሳህን ከጠረጴዛው አነሣችና፣ መጋረጃውን በትከሻዋ ገፍታ፣ ድሮ ሳሎኗ የነበረው ክፍል ውስጥ ገባች። ሶፋው አንድ እጀታው ተልጧል። ተቀመጠችበት። ክዳኑን አንሥታ የቾፉን ራስ በመሐላቸው አደረገችው፤ ማጌት ዓይኗን አፈጠጠች፣ የባል ድርሻ እኮ ነው። «ብይ፣ ይቀዘቅዛል» አለቻት ኩምባ። በጣታቸው እየቆረሱ፣ ምስሉን ከፊታቸው እያዩ፣ ድምፁን ከግድግዳው ወዲያ እየሰሙ በሉ።

ዓሣው ግማሽ ሲደርስ ከውጭ ሳቅ መጣ። የማንሱር ነው። ሁለቱም ያውቁታል፤ ከሆዱ ሲስቅ ብቻ የሚወጣው፣ እያንዳንዳቸው ለሷ ብቻ የተሰጠ የሚመስላቸው ሳቅ። ወዲያው ተከትሎት ሌላ መጣ፤ ከታች በወፍራሙ ተነሥቶ ጫፉ ላይ የሚሰነጠቅ። ማጌት ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። ኩምባ ማኘኳን አቆመች። ቡቡው። ራሱ መጥቶ ወሰደው እኮ። ለክተነው። ሻይ ጠጥቶ ነው የሄደው።

«ዳባ ሰሞኑን ፀጉሯን ተሠርታለች?» አለች ማጌት።

«ባለፈው ሳምንት።»

«ጥፍሯንስ?»

«ዛሬ ቁልፍ ስትተክል ቀይ ነበር።»

ስፒከሩ ከወዲያ ማዶ ይጮኻል፤ ተናጋሪው የተጫዋች ስም ይደረድራል፤ የውጭውን ነገር አላሰማ አለ። «ድምፁን ቀንሺው እትዬ» አለች ማጌት። ኩምባ ሪሞቷን ከመቀነቷ ፈታች፣ ሶፋው ላይ ወጥታ ቆመች፣ ስታርች የጠጣው ቡቡዋ እየተንኳኳ ክንዷን ወደ ገመዱ ቀዳዳ ዘረጋች። ለመቀነስ አልፈለገችም። ቀዩን ተጫነች። ድምፁም ጠፋ፣ ሜዳውም ጠፋ፣ መስኮቱ የተዘጋው ክፍል ጨለመ። ወርዳ ከማጌት ጎን ተቀመጠች። ትከሻቸው ተነካካ፤ አንዳቸውም ፈቀቅ አላሉም። ዓሣው በመሐላቸው እየቀዘቀዘ፣ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ያ ሳቅ ዳግም እስኪመጣ ጠበቁ።